“አታስቡ” ወይስ “አትጨነቁ”?



ይህን የምንጽፈው ባልና ሚስት ሆነን ነው። አምና በቤታችን የሆነውን በቤት ኅብረታችን ስንመሰክር አንድ ወንድም፣ “ጻፉት እንጂ፤ የሁላችንም ቤት እንዲሁ ነው” አለን። በታሪኩ ውስጥ ትልቅ ተአምር የለም። ነገር ግን ለብዙ ዘመን ተሸክመነው ሳናየው የኖርነውን አንድ ነገር እግዚአብሔር አሳየን፤ እርሱን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አከራያችን መጡ፣ ቡና ጠጡ፣ የልጃችንን ትምህርት ጠየቁ፤ ሊወጡ ሲሉ ደግሞ፣ “ልጆቼ፣ ልጄ ከውጭ ሊገባ ነው። በ2 ወር ውስጥ ቤቱን ብትለቁልኝ” አሉን። በክፋት አልነበረም፤ እንደ ከበዳቸው ከፊታቸው ይታይ ነበር። እኛም “ችግር የለም እትዬ፣ እግዚአብሔር ያውቃል” ብለን እስከ በር ሸኘናቸው። በሩን ዘግተን ስንመለስ ግን ሁለታችንም የምንናገረው ጠፋን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መንቃት ለመድን። አንዳችን ስንገላበጥ ሌላው ይነቃል፤ አንዳችን ግን ለሌላው አናወራም። በጨለማው ውስጥ ሐሳቡ ይሮጣል። በ2 ወር ቤት አናገኝም። ብናገኝም ኪራዩን አንችለውም። ለደላላና ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከከተማው ዳር ከወጣን ልጃችን ትምህርት ቤት ትቀይራለች። ትምህርት ቤት ከቀየረች ትሰንፋለች። ማን ያደርሳታል? እናቷ ሥራዋን መልቀቋ ነው። ከለቀቀች ደግሞ በምን እንኖራለን? ጎህ ሳይቀድ በሐሳባችን ቤት፣ ሥራና ትምህርት አጥተን ጎዳና ላይ ነን። ሲነጋ ያው አልጋችን ላይ ነን። የሆነ ነገር የለም፤ ድካሙ ብቻ ነበር እውነተኛው።

አልጸለይንም አንልም። የ3 ቀን ጾም ጸሎት ያዝን፣ ለኅብረቱም የጸሎት ርእስ አድርገን ሰጠን። ዛሬ መለስ ብለን ስናየው ግን ጸሎታችን የሌሊቱን ሐሳብ በድምፅ መድገም ነበር። “ጌታ ሆይ፣ ባናገኝስ? ቢወደድስ? ቢያስወጡንስ?” እያልን እንጀምርና ከጀመርነው ይልቅ ፈርተን እንነሣለን። አሜን የምንለው ደክሞን ነበር። በዚያ ላይ እርስ በርስ መነካካት መጣ። መብራት ሳይጠፋ አደረ ተብሎ ጠብ፣ ሻይ ቀዘቀዘ ተብሎ ጠብ።

አንድ ቀን ቤት ስንጠርግ ከልጃችን አልጋ ሥር አንድ ፌስታል አገኘን። ውስጡ 2 ደብተር፣ የእሁድ ጫማዋ፣ አሻንጉሊቷና ግማሽ ብስኩት ነበረበት። ልጃችን ያኔ 8 ዓመቷ ነበር። ምን እንደሆነ ስንጠይቃት፣ “የራሴን ዕቃ አዘጋጅቼ ነው፤ ስለ እኔ እንዳታስቡ ብዬ” አለችን።

እኛ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናወራው ለእርሷ እንዳይሰማ ነበር። እርሷ ግን ሰምታ፣ ፈርታ፣ ብቻዋን ተዘጋጅታ ነበር። በዚያ ማታ ስለ ቤት ኪራይ ሳይሆን ስለዚያ ፌስታል አለቀስን።

የምንለውና የተጻፈው

“እንዳታስቡ” ያለችው ቃል ከጆሯችን አልወጣም። በአማርኛችን “ሐሳብ” ሁለት ሥራ ይሠራል። በአእምሮ የሚመላለሰው ነገር ሐሳብ ነው፤ ጭንቀትም ሐሳብ ነው። “ምነው ከሳህ?” የተባለ ሰው “ሐሳብ ነው” ይላል። ስለዚህ የተጨነቀ ሰው ስናገኝ “አታስብ”፣ “አታስቢ” ብለን እናጽናናለን። ከፍቅር የመጣ ቃል ነው፣ ክፋት የለበትም። ነገር ግን እኛ እምነት ማለትም ይኸው ይመስለን ነበር፦ ነገሩን አለማየት፣ አለመጠየቅ፣ ሲመጣ በጌታ ስም ገሥጾ ፊትን ማዞር። ሳናየው ያባረርነው ሐሳብ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ ሲመለስም ብቻውን አይመጣም።

ወደ ቃሉ ስንመለስ ሌላ ነገር አገኘን። ጌታ በተራራው ስብከቱ የተናገረው “አትጨነቁ” ነው (ማቴ. 6፥25)። ከዚያ ቀጥሎ ደቀ መዛሙርቱን ዓይናችሁን ጨፍኑ አላላቸውም፤ እንዲያውም እንዲመለከቱ ነው የነገራቸው። ጎተራ የሌላቸውን ወፎች ማን እንደሚመግብ፣ የማይፈትሉትን አበቦች ማን እንደሚያለብስ አስተውለው ከዚያ ወደ ራሳቸው እንዲመለሱ ጠየቃቸው። ይህ ማሰብ ነው፣ ያውም በጥንቃቄ ማሰብ።

ሐዋርያው ጳውሎስም እንዲሁ። ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው በእስራት ሆኖ ነው፤ የሚያስጨንቅ ነገር አልጠፋበትም። በምዕራፍ 4 ቁጥር 6 ላይ “አትጨነቁ” ይላል። ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ በቁጥር 8 ላይ ደግሞ “አስቡ” ይላል። ልናስባቸው ከዘረዘራቸው ነገሮች የመጀመሪያው እውነተኛ የሆነው ነው። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳነበብነው እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ገጽ ላይ እንዳሉ ግን ልብ አላልንም ነበር። መጨነቅ የሐሳብ መብዛት ብቻ አይደለም፤ ሳይመረመር የተለቀቀ ሐሳብ ነው።

“እሱስ ያውቃል፤ እናንተ ናችሁ ያላወቃችሁት”

በኅብረታችን ውስጥ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት አሉ፤ ሁላችንም “እማማ” ነው የምንላቸው። ብዙ አይናገሩም፣ ሲናገሩም ስብከት አይመስልም። አንድ ሐሙስ ከጸሎት በኋላ ሰዉ ሲወጣ እኛን አስቀሩን።

“ምንድን ነው የፈራችሁት፣ ልጆቼ?”

“ቤት እንዳናጣ ነው እማማ።”

“እሱንማ ሰምቻለሁ። ቤቱን ብትለቁ ምን ይመጣል?”

“ከከተማ ዳር መውጣታችን ነው።”

“ስንቱ እዚያ ይኖር የለም? ከወጣችሁስ?”

የልጃችን አባት ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ “ሰው ምን ይለኛል?” አለ። ካለ በኋላ ራሱ ደነገጠ። ለእግዚአብሔርም፣ ለሚስቱም፣ ለራሱም ብሎት አያውቅም ነበር።

“አንቺስ ልጄ?”

እናቷ “እኔ ካላሰብኩበት ማን ያስብበታል?” አለች። እርሷም ከአፏ ሲወጣ ነው የሰማችው።

እማማ ምክር አልሰጡንም። “በሉ ይህን ለጌታ ንገሩት። እስከ ዛሬ የነገራችሁት የአከራያችሁን ጉዳይ ነው፤ የእናንተን ገና አልነገራችሁትም። እሱስ ያውቃል፤ እናንተ ናችሁ ያላወቃችሁት” አሉንና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

በዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስንነቃ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት አብርተን ተቀመጥን፣ አወራንም። አንድ ችግር ነበረን፤ ፍርሃቱ ግን ሁለት ነበር።

አባቷ ያደገው ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወሩ ነው። ዕቃቸው በጋሪ ሲጫን የሰፈር ልጆች ቆመው ያዩት ነበር። “እኔ ቤተሰቤን እንዲህ አላደርግም” ብሎ በልጅነቱ በልቡ ማለ። አሁን ያስጨነቀው ጣሪያ ማጣቱ ሳይሆን ያ መሐላ ሊፈርስ መሆኑ ነበር። ከጭንቀቱ ሥር ኀፍረት አለ፤ ከኀፍረቱም ሥር ትዕቢት ነበረ። ይህን ማየት ቀላል አልነበረም። ለእግዚአብሔር ያቀረብነው የቤት ጥያቄ ነው፤ በውስጡ ግን ስማችንን አስጠብቅልን የሚል ልመና ተደብቆ ነበር።

እናቷ ያደገችው “የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል” በሚባልበት ቤት ነው። ደስ ያለው ሰው ቶሎ የሚያዝን፣ የተዘናጋ ሰው ቶሎ የሚመታ ይመስላት ነበር። ስለዚህ መጨነቅ ለእርሷ እንደ ዘብ መቆም ነበር። ነቅታ ካደረች ክፉው ነገር የማይገባ፣ ከተኛች ግን ማንም የማይጠብቅ መሰላት። ለዓመታት መዝሙር 121ን በቃሏ ታውቀዋለች፤ እስራኤልን የሚጠብቀው እንደማያንቀላፋ ትዘምራለች። ሌሊት ግን የእርሱን የጥበቃ ተራ ወስዳ ትቆም ነበር።

ኤልያስና ሁለት ጊዜ የተጠየቀው ጥያቄ

በዚያው ሰሞን 1ኛ ነገሥት 19ን አነበብን። ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ሲወርድ አይቷል። ከዚያ ኤልዛቤል አንድ መልእክት ላከችበት፣ እርሱም ነፍሱን ለማዳን ሸሸ። በይሁዳ ባለችው በቤርሳቤህ አገልጋዩን ተወው፤ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከአንድ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ።

እግዚአብሔር ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። በመጀመሪያ አልገሠጸውም፣ ስብከትም አልሰበከለትም። እንዲተኛ ተወው። መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። እንደገና ተኛ፤ እንደገና ቀሰቀሰው፣ መገበውም። የደከመ ሥጋ ሁሉን ነገር አክፍቶ እንደሚያይ ፈጣሪው ያውቃል። እኛ ከሥራ መጥተን እራት ሳንበላ፣ እንቅልፍ ሳይኖረን ስለ ሕይወታችን እንፈርድ ነበር።

ከዚያም በኮሬብ፣ በዋሻው ውስጥ፣ እዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። ነፋሱ፣ የምድር መናወጡና እሳቱ አልፈው ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ከመጣ በኋላም ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ጠየቀው። እግዚአብሔር መልሱን ስለማያውቅ አልነበረም። ኤልያስ ልቡ የሚለውን በራሱ አፍ እንዲያወጣው ነው። ኤልያስም ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ መልስ መለሰ፤ የመልሱም እምብርት ብቻዬን ቀረሁ የሚል ነበር።

እውነት ነበር? ወደ ኋላ አንድ ምዕራፍ ብትመለሱ አብድዩ ለኤልያስ ምን እንደነገረው ታገኛላችሁ። 100 የእግዚአብሔር ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳውን በዋሻ ደብቆ እየመገባቸው እንደ ነበር ነግሮታል (1ኛ ነገ. 18፥13)። ኤልያስ በጆሮው ሰምቷል። ፍርሃት ሲመጣ ግን የሰማውን ሁሉ ረሳ። አገልጋዩንም በቤርሳቤህ የተወው እርሱ ራሱ ነው። እግዚአብሔርም ሲመልስለት 7,000 ሰዎች እንደቀሩለት ነገረውና ወደ ሥራው፣ ወደ ኤልሳዕም ሰደደው።

ጭንቀት እንዲህ ያደርጋል። የሚያውቀውን ያስረሳል፣ አንዱን ነገር ሁሉ ያደርገዋል፤ በመጨረሻም “ብቻህን ነህ” ይላል። እኛ በአንድ አልጋ ላይ ሁለት ሆነን፣ የሚጸልይልን ኅብረት እያለን፣ እያንዳንዳችን ብቻችንን ነበርን።

ከዚያ ወዲህ የምናደርገው

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ራስን ማወቅ ማለት ቀኑን ሙሉ የራስን ልብ መቆፈር አይደለም። ኤርምያስ በምዕራፍ 17 ልብ ከሁሉ ይልቅ አታላይ መሆኑን ከተናገረ በኋላ የሚመረምረው ጌታ እንደሆነ ይነግረናል። ብቻችንን ወደ ውስጥ ብናይ ወይ ራሳችንን እናጸድቃለን፣ ወይ ራሳችንን እንኮንናለን። ስለዚህ ዳዊት በመዝሙር 139 መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር እንዲመረምረውና ሐሳቡን እንዲያውቅ ለመነ። ያንን ጸሎት የሚጸልየው ከእግዚአብሔር ፊት የሚሸሽበት ቦታ እንደሌለ ከተናገረ በኋላ ነው። ሁሉን አይቶም የማይተወን አባት እንዳለን ስናምን ብቻ ነው ልባችንን ከፍተን ማሳየት የምንደፍረው።

እኛ አንድ ደብተር ገዛን። ሐሳብ ሲይዘን ገጹን በመሥመር ለሁለት እንከፍላለን። በአንዱ በኩል “የምናውቀው”፣ በሌላው በኩል “የፈራነው” ብለን እንጽፋለን። በመጀመሪያው ሌሊት በምናውቀው በኩል 3 ነገር ብቻ ነበረ፦ ቤቱን በ2 ወር ውስጥ እንለቃለን፤ ሁለታችንም ሥራ አለን፤ አከራያችን ቢቸግራችሁ ንገሩኝ ብለውናል። በፈራነው በኩል 14 መሥመር ሞላ። ያን ሁሉ ሌሊት 14ቱን ስንጸልይባቸው፣ ስንጣላባቸውም እንደ ነበር ገባን።

ከዚያ ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን። ይህ ሐሳብ እውነት ነው ወይስ ይሆናል ብለን ነው? ከሥሩ ያለው ዓረፍተ ነገር ምንድን ነው፣ መጀመሪያስ ከማን ሰማነው? ስለዚህ ጉዳይ አባታችን ምን ብሏል? በመጨረሻም በዛሬው ቀን በእጃችን ያለውን አንድ ነገር መርጠን እናደርጋለን፤ ለአንድ ሰው መደወል ሊሆን ይችላል፣ ወይም እራት በልቶ መተኛት። የቀረውን በስሙ እየጠራን ለጌታ እንሰጠዋለን። “ጌታ ሆይ፣ ቤት ስጠን” ከማለት ጋር “ጌታ ሆይ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈርቻለሁ፤ ማረኝ” ማለትን ተማርን። እንዲህ ከጸለይን በኋላ ስንነሣ ቀለል ይለናል፤ የነገርነው እውነቱን ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ከእናንተ መካከል ለሳምንታት መተኛት፣ መብላት ወይም ሥራ መሥራት ያቃተው፣ ልቡ ያለ ምክንያት የሚመታበት፣ መኖር የሰለቸው ካለ ደብተር ብቻ አይበቃውም። ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ለምታምኑት ሰውም ዛሬውኑ ንገሩ። ለኤልያስ እንጎቻ የላከ አምላክ በሐኪም እጅም ይረዳል። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት አይደለም።

መጨረሻው

ቤቱን ለቀቅን። ያገኘነው ቤት ከበፊቱ ያነሰ ነው፣ ለሥራም ይርቃል። ዕቃችንን በአይሱዙ ስንጭን የሰፈር ልጆች ቆመው አዩን፤ የልጃችን አባትም አያቸው፣ ሳቀም፣ ሁለቱን ጠርቶ ወንበር አስያዛቸው። ልጃችን ትምህርት ቤት አልቀየረችም፤ ማለዳ መነሣቱ ግን አልቀረላትም። ከፈራናቸው 14 ነገሮች አንዳንዱ ደረሰ፣ አብዛኛው አልደረሰም። በደረሰውም ውስጥ ጌታ ከእኛ ጋር ነበር።

ከዛቻ ይልቅ የከበደን ከልጃችን ጋር መነጋገሩ ነበር። አልጋዋ ላይ ተቀምጠን፣ “እኛም ፈርተን ነበር፤ ለአንቺ ሳንነግርሽ ቀርተን ብቻሽን እንድትፈሪ አደረግንሽ፤ ይቅርታ አድርጊልን” አልናት። “አታስቢ” አላልናትም። የፈራችውን ሁሉ እንድትነግረን ጠየቅናት፣ ነገረችንም፤ አብረን ጸለይን። ፌስታሉን ራሷ ፈታችው። ብስኩቱ ግን ደርቆ ነበር።

አሁንም አንዳንዴ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንነቃለን። ያ ድምፅ ይመጣል፤ አሁን ግን እናውቀዋለን፣ ከየት እንደመጣም እናውቃለን። የእረኛችንን ድምፅም ከእርሱ ለይተን መስማት እየተማርን ነው።

ጌታን ገና ያላወቃችሁ፣ ግን ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቷችሁ ይህን የምታነቡ ወገኖቻችን፣ ወደ ኢየሱስ ለመምጣት መጀመሪያ መረጋጋት አይጠበቅባችሁም። እንደ ፈራችሁ ኑ። እርሱ የደከሙትንና ሸክማቸው የከበደባቸውን ነው የጠራው (ማቴ. 11፥28)። በእርሱ በኩል እግዚአብሔርን አባት ብሎ የሚጠራ ሰው ብቻውን ዘብ መቆም አያስፈልገውም።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ይህን ለራሳችሁ ጠይቁ፦ የምንጸልይበት ጉዳይ ይህ ነው፤ ከሥሩ ያለው ፍርሃታችን ግን ምንድን ነው?

አባት ሆይ፣ እኛ ሳናውቀው አንተ የምታውቀውን ልባችንን አሳየን። የምናየውንም ለመሸከም ብቻችንን አትተወን። የሸሸግነውን ፍርሃት በስሙ እንድንጠራው ድፍረት ስጠን፤ ከእርሱም የሚበልጠውን ድምፅህን አሰማን። ልጆቻችንን ከእኛ ፍርሃት አድን። ሌሊቱን አንተ ጠብቅ፣ እኛ እንተኛ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።